«ተልኳል» ያለው ኮምፒውተር

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ኮምፒውተር መስመር አዘጋግ ምን አግብቶት ይጽፋል የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። ይህ ገጽ እስካሁን ያስነበበን ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅ ጥበብ፣ አልፎ አልፎም ስለ ፍቅር ነው (ሁለተኛ ዓመት ላይ ይህች አትቀርም)። ቢሆንም ነገ የምንሠራው ዜና ሁሉ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሄድ ነው። በመሀል የሚሆነውን ካላወቅን የላክነው ደረሰ አልደረሰም ብሎ የሚፈርድልን ማሽኑ ብቻ ይሆናል። ማሽኑ ደግሞ አንዳንዴ ሳይዋሽ ያሳስታል።

እኔ የብቸና ልጅ ነኝ። ሞጣ ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስ ተምራ የምትሠራ የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ ታላቄ ስለሆነች «እታለም» ነው የምላት። ባንድ ክረምት ሞጣ ገበያ ላይ ስለ ማዳበሪያ ስርጭት የ18 ደቂቃ ድምፅ ቀርጬ፣ እሷ በምትሠራበት ቢሮ መስመር፣ ስሙን ለማልጠራው አንድ ጣቢያ ላክሁ። ጣቢያው ለጀማሪ ዘጋቢዎች የሚሰጠው ትንሽ የመላኪያ ፕሮግራም ነበረው። ፕሮግራሙ ፋይሉን ወሰደና «ተልኳል» አለ። ጣቢያው ጋ የደረሰው ግን 16 ደቂቃው ብቻ ነው።

ሁለት ደቂቃ ምን አላት እንዳትሉ! የመጀመሪያው 16 ደቂቃ ማዳበሪያው በጊዜው መድረሱን የሚናገሩ ሰዎች ድምፅ ነበር። የመጨረሻዋ 2 ደቂቃ ላይ ነው አንድ ገበሬ «ለእኛ የደረሰው ከዘራን በኋላ ነው» ያሉት። ዝግጅቱ ሲተላለፍ እኚያ ሰው የሉም። ክፍል ውስጥ ሚዛናዊነት እያልን የምንከራከርበት ነገር እንዲሁ መንገድ ላይ ቀለጠ።

እኔ ጣቢያው ሆን ብሎ ቆርጦታል ብዬ ስቆጣ፣ እታለም ግን ረጋ ብላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ። «ወንድምዬ፣ ፕሮግራሙ መስመሩን እንዴት ነው የሚዘጋው?»

መዝጋት ምን ጣጣ አለው? ከባዱ መክፈት አይደለም እንዴ? የሚገርመው ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

ሶኬት ሲባል እኛ ቤት የሚታወቀው ግድግዳ ላይ ያለው፣ የስልክ ቻርጀር የምንሰካበት ነው። የፕሮግራመሮቹ ሶኬት አይታይም እንጂ ሐሳቡ ያው መሰካት ነው። አንድ ፕሮግራም ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማውራት ሲፈልግ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን «መሰኪያ ስጠኝ» ይላል፤ ሲስተሙም ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ ወዲያ ፕሮግራሙ በዚያች ቁጥር ይጽፋል፣ ያነባል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1983 በበርክሌይ ከተዘጋጀው ዩኒክስ ጋር ወጥቶ እስከ ዛሬ በሊኑክስም፣ በዊንዶውስም፣ በኪሳችን ባለው ስልክም ይሠራል። ከሥሩ ያለው የመነጋገሪያ ሕግ ቲሲፒ ይባላል። ሐሳቡን ቪንት ሰርፍና ቦብ ካን እ.ኤ.አ. በ1974 አቀረቡት፤ በ1981 በመደበኛ ሰነድ ወጣ፤ በ2022 ደግሞ ሰነዱ ታድሶ ታተመ።

ብዙ ሰው «ግንኙነት» ሲባል ሽቦ ይመስለዋል። ከሞጣ ተነስቶ ሰርቨሩ ድረስ ለእኔ ፋይል ብቻ የተዘረጋ ገመድ ግን የለም። ያለው ሁለት ማስታወሻ ነው። ሞጣ ያለው ኮምፒውተር «ከእገሌ ጋር እያወራሁ ነው፤ እስከ 5,000ኛው ባይት ልኬያለሁ፤ እስከ 4,200ኛው መቀበሉን ነግሮኛል» ብሎ ይይዛል። ወዲያኛውም የራሱን እንዲሁ ይይዛል። በመሀል ያሉት መሣሪያዎች በመሠረቱ ፓኬት ያሳልፋሉ እንጂ ወሬው የት እንደደረሰ አይከታተሉም። ስለዚህ መንገድ ላይ መብራት ለ10 ሰከንድ ጠፍቶ ቢመለስ ግንኙነቱ ላይሞት ይችላል። ሁለቱም ማስታወሻቸውን እንደያዙ ይጠብቁና ያልደረሰውን ደግመው ይልካሉ። እንግዲህ መዝጋት ማለት ሽቦ መንቀል ሳይሆን፣ በሁለት የተራራቁ ቦታዎች ያሉ ሁለት ማስታወሻዎች በስምምነት እንዲጠፉ ማድረግ ነው። አንዱ ቀድሞ ካጠፋ ሌላው ከማን ጋር ሊያወራ ነው?

ይህ ጥያቄ ከኮምፒውተር በፊትም ነበር። የአገራችን የስልክ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1894 በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንደሚጀምር ይነገራል። በድሮው ባለ እጀታ ስልክ የሚደውል ሰው እጀታውን ያዞራል፤ ኦፕሬተሯ በሰሌዳዋ ላይ ገመድ ሰክታ ታገናኘዋለች። ወሬው ሲያልቅ እጀታውን እንደገና ማዞር ነበረበት። ኦፕሬተሯ ያን ምልክት ስታይ «አበቁ» ብላ ገመዱን ትነቅላለች። እጀታውን ሳያዞር ስልኩን ሰቅሎ የሄደ ሰው ግን መስመሩን እንደያዘ ይቀራል፤ ኦፕሬተሯም መሀል ገብታ «ጨርሳችኋል?» እያለች መጠየቅ ግድ ይሆንባታል። ቲሲፒ ኦፕሬተር የለውም። «ጨርሻለሁ» የማለቱ ፋንታ የሁለቱ ተነጋጋሪዎች ነው።

«ጨርሻለሁ» የምትለዋ ምልክት ፊን ትባላለች፤ «ሰምቻለሁ» የምትለዋ ደግሞ አክ። ሞጣ ፊን ስትል «ከእንግዲህ ከእኔ በኩል የሚመጣ የለም» ማለቷ ነው። ሰርቨሩ አክ ይላል። እዚህ ላይ ግን ወሬው አላለቀም! የተዘጋው የሞጣ አፍ ነው እንጂ ጆሮዋ ክፍት ነው። ሰርቨሩ የቀረውን ተናግሮ ሲያበቃ እሱም በተራው ፊን ይላል፤ ሞጣም አክ ብላ ትመልሳለች። ባጠቃላይ አራት መልእክት መሆኑ ነው። (መካከለኞቹ ሁለቱ ባንድ ፓኬት ሲሄዱ ሦስት ይሆናል።) የእኛን አገር ሽኝት ለሚያውቅ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። እንግዳው «በሉ ደህና ሁኑ» ብሎ ከተነሳ በኋላ ባለቤቶቹ በር ላይ የሚያወሩት ሌላ ግማሽ ሰዓት አለ። እንግዳውም ቆሞ ይሰማል።

ፕሮግራመሩ እነዚህን መልእክቶች በእጁ አይልክም። ለእሱ የተሰጡት ሁለት ትእዛዞች ናቸው። አንዱ ክሎዝ ነው፤ «ከዚህ ሶኬት ጋር ጉዳዬን ጨርሻለሁ፤ አፌም ጆሮዬም ተዘግቷል፤ ቁጥሩንም መልሻለሁ» እንደ ማለት ነው። ሁለተኛው ሻትዳውን ነው፤ ይህኛው ከተፈለገ አፍን ብቻ ዘግቶ ጆሮን ይተዋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይማርና ሁለተኛውን ይረሳዋል።

አሁን ወደ ጠፋችው 2 ደቂቃ እንምጣ። እታለም ዋየርሻርክ የሚባለውን የፓኬት መመልከቻ ከፍታ፣ የጣቢያውን ፕሮግራም በሌላ ፋይል እየሞከረች አየችው። ያገኘችውን እንደገባኝ ልንገራችሁ።

አንድ ፕሮግራም ሶኬት ላይ ሲጽፍ ጽሑፉ በቀጥታ መንገድ አይወጣም። መጀመሪያ ሲስተሙ ማቆያ ውስጥ ይቀመጣል፤ ደብዳቤ ፖስታ ሣጥን ውስጥ እንደ መክተት ነው። ሲስተሙ «ተረክቤሃለሁ» ይለዋል፣ ፕሮግራሙም «ተልኳል» ብሎ ስክሪን ላይ ይጽፋል። ልብ በሉ፣ ውሸት አልተናገረም። ለሲስተሙ አስረክቧል። መስመሩ ዘገምተኛ ሲሆን ግን በዚያች ደቂቃ ብዙ ባይት ገና ሣጥኑ ውስጥ ነው። የእኔ ድምፅ በሰከንድ 64 ኪሎ ቢት የተቀዳ ስለነበር 2 ደቂቃው 960,000 ባይት፣ ማለትም አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህን ያህል ማቆያ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

በደህናው ቀን ይህም አይጎዳም። ፕሮግራሙ ክሎዝ ብሎ ቢሄድም ሲስተሙ ከኋላ ሆኖ የቀረውን ይልካል፣ መጨረሻ ላይ ፊን ያስከትላል። የእኛ ጉዳይ የተበላሸው በሌላ በኩል ነው። ሰርቨሩ እግረ መንገዱን «ይህን ያህል ተቀብያለሁ» የሚሉ አጫጭር መልሶች ይልክ ነበር። የመላኪያው ፕሮግራም ግን እነሱን አንድም ጊዜ አላነበበም። መልሶቹ በጆሮ በኩል ባለው ማቆያ ተከምረው ቀሩ። ሊኑክስ ላይ ያልተነበበ ነገር እያለ ክሎዝ ከተባለ ሲስተሙ በፊን አይሰናበትም፤ ሪሴት የሚባለውን ይልካል። ምክንያትም አለው። የተነገረውን ሳይሰማ ጥሎ የሄደን ሰው «በሰላም ጨርሷል» ብሎ መሸኘት አይቻልም። ሪሴት ግን ጨካኝ ነው። መላኪያ ማቆያው ውስጥ የቀረው ሁሉ ይጣላል፤ ወዲያ ማዶ ያለውም በሩ ፊቱ ላይ ይዘጋበታል። የጣቢያው ሰርቨር ደግሞ በሪሴት የተቋረጠውን በፊን ካለቀው ሳይለይ፣ እስከዚያ የደረሰውን ሙሉ ፋይል አድርጎ መዘገበው። ሁለት ትንንሽ ስንፍናዎች ተገናኝተው የአንድ ሰው ቃል ዋጡ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ረጅም አይደለም። ልኮ ሲያበቃ ክሎዝ ከማለት በፊት በሻትዳውን አፍን ብቻ መዝጋት፣ ከዚያ እያነበቡ መቆየት ነው። ንባቡ ዜሮ ባይት ሲመልስ ወዲያኛውም ፊን ብሏል ማለት ነው፤ ክሎዝ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ግን ይህም ብቻውን አይበቃም። አክ የሚለው የወዲያኛው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። ሲስተሙ ተቀብሎ ፕሮግራሙ ዲስክ ላይ ሳይጽፈው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ላኪው መጀመሪያ «8,640,000 ባይት ልልክ ነው» ይበል፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ደግሞ በመጨረሻ በራሱ አፍ «8,640,000 ባይት ተቀብዬ መዝግቤያለሁ» ብሎ ይመልስ። «ተልኳል» የሚለው ቃል ስክሪን ላይ መውጣት ያለበት ከዚህ በኋላ ነው። ሳልትዘር፣ ሪድና ክላርክ የተባሉ ሦስት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ ይህንኑ ተከራክረውበታል። የመድረሱ ማረጋገጫ ሊመጣ የሚገባው ከጫፍ፣ ከራሱ ከባለጉዳዩ ነው፤ በመሀል ያለ ማንም ሊተካው አይችልም ይላሉ።

የገበያ ነጋዴዎቻችን ይህን ጽሑፍ ሳያነቡ ይሠሩበታል። ቴሌብር ከተጀመረበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ገዢ ስልኩን ዘርግቶ «ይኸው ልኬያለሁ» ሲል፣ ነቃ ያለች ነጋዴ የገዢውን ስክሪን አታይም። የራሷ ስልክ ላይ መልእክቱ እስኪገባ ጤፉን ከሚዛን አታወርድም።

ታዲያ ተቀባዩ «ደርሶኛል» ሲል፣ ያ ቃሉ ራሱ መድረሱን ተቀባዩ በምን ያውቃል? ወደ ሞጣ ሰዎች ልመልሳችሁ። ከሞጣ ወዲያ ዐባይ ላይ ሰባራ ድልድይ አለ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ የተሠራ ነው የሚባል፣ በጣሊያን ጦርነት ዘመን መሀሉ የተሰበረ። ብዙ ዓመት ሰው የሚሻገረው በገመድ ነበር፤ ወገቡን ታስሮ፣ ከዚህም ከዚያም ያሉ ሰዎች ገመዱን እየያዙ። (በኋላ ተጠግኗል፤ ቆይቶም ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል።) በክረምት፣ ወንዙ እያገሳ፣ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ሰዎች በጩኸት ሲግባቡ አስቡ። ወዲህኛው «ልልቀቅ?» ይላል። ወዲያኛው «ልቀቅ!» ይላል፤ ግን «ልቀቅ» ማለቱ ተሰምቶ እንደሆነ አያውቅም። ወዲህኛው «ሰማሁ!» ቢል፣ እሱም «ሰማሁ» ማለቱ ይሰማ አይሰማ አያውቅም። ይህ ማለቂያ የለውም። ጂም ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1978 በጻፈው ላይ ይህን እንቆቅልሽ በሁለት ጄኔራሎች ምሳሌ አስቀምጦታል፤ መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መንገድ ላይ ሁለት ወገኖች እርግጠኛ ስምምነት ላይ መድረስ እንደማይችሉ በሒሳብ ይረጋገጣል።

ቲሲፒ እንቆቅልሹን አልፈታውም፤ በትዕግሥት ነው ያለፈው። መጀመሪያ ፊን ያለው ወገን የመጨረሻውን አክ ከላከ በኋላ ማስታወሻውን ወዲያው አያጠፋም። ታይም ዌት በሚባል ሁኔታ ይቆያል። አክ ጠፍቶ ወዲያኛው ፊን ቢደግም እንደገና ይመልስለታል፤ መንገድ ላይ የዘገየ አሮጌ ፓኬት መጥቶም ከአዲስ ግንኙነት ጋር እንዳይምታታ ይጠብቃል። የ1981ዱ ሰነድ ስሌት 4 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሊኑክስ ግን 60 ሰከንድ ብቻ ይቆያል። ሰርቨር ጽፋችሁ አቁማችሁ መልሳችሁ ስታስነሱት «አድራሻው ተይዟል» ካላችሁ ብዙ ጊዜ ይህ ነው ምክንያቱ። ለዚህ ተብሎ የተሠራ የሶኬት ማስተካከያ ስላለ ኮምፒውተሩን ማጥፋትና ማብራት አያስፈልግም።

እስካሁን ያየነው ሁለቱም በሕይወት እያሉ ሲሰነባበቱ ነው። በእኛ አገር በብዛት የሚያጋጥመው ግን መዘጋት ሳይሆን መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ፣ ብቸናም ሞጣም ያለ ስልክ ማንም ፊን አላለለትም። ሪሴትም የለም። ዝምታ ብቻ ነው። ፖለቲካውን ለባለሙያዎቹ ልተወውና፣ በዚያች ሰዓት ሰርቨሩ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሰርቨሩ እየላከ ከነበረ ጉዳዩን ይደርስበታል። አክ ስላልመጣ ይደግማል፣ እየቆየ ይደግማል፤ በሊኑክስ ልማድ 15 ጊዜ ሞክሮ፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ቆይቶ ተስፋ ይቆርጣል። እየሰማ ብቻ ከነበረ ግን ምንም የሚያውቅበት መንገድ የለም። የሞተ ሰውና ዝም ያለ ሰው ከማዶ ሲታዩ አንድ ናቸው። ኪፕ አላይቭ የሚባል «አለህ?» እያለ የሚጠይቅ ዘዴ አለ፤ ፕሮግራመሩ ካላበራው ግን አይሠራም። ቢያበራውም ሊኑክስ የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚያቀርበው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው፤ ከዚያ በየ75 ሰከንዱ ይጠይቅና 9 ጥያቄ መልስ ሲያጣ ይዘጋል። ድምሩ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ። እንደኔ እንደኔ ይህ ቁጥር ኔትወርክ ለማይጠፋበት አገር የተመረጠ ይመስላል። እታለም በምትጽፋቸው ፕሮግራሞች በየ30 ሰከንዱ እንዲጠይቅ ነው የምታደርገው።

ብቸና ያለው ላፕቶፕ ራሱ መብራት ሄዶበት ቢጠፋ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ሲነሳ ማስታወሻው ጠፍቷል፤ ምንም አያስታውስም። ሰርቨሩ «የት ደረስን?» ብሎ ቢልክለት «አላውቅህም» ሲል ሪሴት ይመልሳል። ይሄኛው ይሻላል፤ ቢያንስ ቁርጡ ይታወቃል።

የመጨረሻው ዓይነት ከሁሉም ያናድዳል፤ መንገዱ ደህና ሆኖ፣ ወዲያኛው በወጉ ፊን ብሎ ተሰናብቶ፣ የራስ ፕሮግራም ክሎዝ ሳይል ሲቀር። ሲስተሙ አክ ብሎ «ባለቤቱ እስኪዘጋው» እያለ ይጠብቃል። ይህ ሁኔታ ክሎዝ ዌት ይባላል፤ እንደ ታይም ዌት የተወሰነ ደቂቃ የለውም። ፕሮግራሙ እስካለ ድረስ ይኖራል። እያንዳንዱም አንድ ቁጥር ይዟል፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ለአንድ ፕሮግራም በተለምዶ የሚፈቀደው 1,024 ቁጥር ነው። ሲሞላ ሰርቨሩ አዲስ ሰው መቀበል ያቆማል፤ ከውጭ ለሚያየው «ኔትወርክ የለም» ይመስላል፣ ቴሌም በከንቱ ይታማል። ሊኑክስ ላይ ኤስኤስ የምትባል ትእዛዝ የሶኬቶቹን ዝርዝር ከነሁኔታቸው ታሳያለች። ከመቶ በላይ ታይም ዌት ብታዩ አትደንግጡ፣ በየደቂቃው ይጠፋሉ። የክሎዝ ዌት ቁጥር በየሰዓቱ እያደገ ከሄደ ግን ሰርቨሩን አጥፍቶ ማስነሳት ለአንድ ቀን ብቻ ነው የሚበጀው፤ ኮዱ ውስጥ ያልተጻፈችው ክሎዝ እስካልተገኘች ድረስ በማግስቱም 1,024ኛው ላይ ሲደርስ ይቆማል።